ላንቺስ ማን አስተማረሽ?

ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብላ በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ሁለት እኅትማማቾች ይኖሩ ነበር። ታላቂቱ ቀድማ አሜሪካ ገብታ ታናሺቱን አስመጣች። ቤታቸው በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ስለነበር ካንዷ ቤት ቡና ሲቆላ ሌላዋ ሳትጠራ ትደርሳለች። ድስት ይዋዋሳሉ፣ አንዷ የሌላዋን ልጅ ትጠብቃለች፣ እንጀራ ያጎደለች ከሌላዋ መሶብ ሳታስፈቅድ ታነሣለች። በገንዘብ ወይም በርስት ቢጣሉ ኖሮ ሰው ባልገረመው ነበር። የተጣሉት ግን በአንድ ብርጭቆ ሚልክሼክ ነው።

ታላቂቱ ኮሌጅ ስትማር ማታ ማታ አይስክሬም ቤት ትሠራ ነበር። ደመወዙ ለትምህርት ቤት ክፍያ አለቀ፤ ሙያው ግን ከእጇ አልወጣም። ቫኒላ አይስክሬም፣ ወተትና ኦሪዮ ብስኩት በብሌንደር ፈጭታ ወፍራም፣ በረዶ የመሰለ መጠጥ ታወጣለች። ታናሺቱ ከአገር ቤት የመጣች ሰሞን፣ ሙቀቱ አላስተኛ ባላቸው አንድ ሌሊት፣ ኩሽና ውስጥ አቁማ አሳየቻት። ታናሺቱ ያየችውን ያዘች። ትዳር ይዛ ልጆች ስትወልድ በየልደታቸው እየሠራች እጇን አሰላች። የልጆቿ ጓደኞች ቀመሱ፣ የጓደኞቻቸው እናቶች ጠየቁ፣ በመጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ መጠጡን በእሷ ስም ይጠራው ጀመር።

በዚያ ቤተሰብ ሁዳዴ ይጾማል። በኦሪዮው መካከል ያለው ነጭ ነገር ክሬም ይባል እንጂ ሲሠራ ወተት አይገባበትም፤ ስለዚህ ልጆቹ ሃምሳ አምስቱን ቀን ብስኩቱን ብቻውን እየቆረጠሙ ወተቱ የሚፈታበትን ቀን ይቆጥራሉ። ፋሲካ በገባ፣ ዶሮው በተበላ በከሰዓቱ «እማዬ፣ አሁንስ?» ይላሉ።

ጠቡ የተነሣው በዚህ ሰዓት ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ብሌንደሩ ያለ ዕረፍት ይጮኻል፣ ብርጭቆ ከእጅ እጅ ይዞራል። አንዲት እንግዳ ቀምሳ አደነቀችና «ይህን ሙያ ደግሞ ከየት አመጣሽው?» ስትል ጠየቀች። ታናሺቱ ምስጋናው ጣፍጧት ኖሮ እየሳቀች «ከራሴ ነዋ!» አለች። ታላቂቱ ከጎኗ ቆማ ነበር። የያዘችውን ብርጭቆ ሳትጨርስ አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አነሣች፣ «ልጆቹ ደክሟቸዋል» ብላ ወጣች። ልጆቹ ግን አልደከማቸውም ነበር፤ ገና ብርጭቋቸውን እየላሱ ነበር።

ከዚያን ቀን በኋላ በሁለቱ ቤት መካከል ያለው መንገድ ሰፋ። ታላቂቱ ላገኘችው ሁሉ «ብሌንደር በየት በኩል እንደሚከፈት የማታውቅ ልጅ አስተምሬ፣ ዛሬ ከራሴ ነው አለች» ትላለች። ታናሺቱ በበኩሏ «አንድ ሌሊት አሳየችኝ፤ ዕድሜ ልክ ዕዳ አለብሽ ማለቷ ነው? ደግሞስ ያኔ ያሳየችኝ ብስኩቱ ድምጥማጡ የጠፋ ግራጫ ውኃ ነበር። የሚጠጣ ያደረግሁት እኔ ነኝ» ትላለች። ሁለቱም ያሉት እውነት ነበር። ጠቡ እንዳይበርድ ያደረገውም ይኸው ነው፤ ሐሰት ቢኖርበት ኖሮ አንዷ ታፍር ነበር።

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት የፍስክ ወራት ነው። በአንደኛው ቤት ብሌንደሩ በየቀኑ ይጮኻል። በሌላው ቤት አይስክሬም የሚባል ነገር አልተገዛም። ልጆቹ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ይገናኛሉ፣ ቤት ሲደርሱ ይለያያሉ።

ጋሼ የሚሏቸው የእናታቸው ወንድም ነገሩን ሰሙ። ሠላሳ ዓመት በዋሽንግተን ጎዳናዎች ታክሲ የነዱ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። አባታቸው በአገር ቤት አጥቢያ ዳኛ ስለነበሩ በልጅነታቸው ከችሎት ጥግ ተቀምጠው የተከራካሪ ሙግት ሲሰሙ አድገዋል። እኅትማማቾቹን ለየብቻ ጠርተው አነጋገሯቸው። ታላቂቱ ሰዓት ሙሉ ተናገረች፣ ታናሺቱም ሰዓት ሙሉ ተናገረች። እሳቸው አንዴም አላቋረጡም። በመጨረሻ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጡ፤ «የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ በጰራቅሊጦስ ዋዜማ ቅዳሜ እኔ ቤት ኑ። ብሌንደራችሁን ይዛችሁ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሼ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይመላለሱ ያዙ። ምን እንደሚያነቡ ሲጠየቁ «ዳኛ ያለ ምስክር አይፈርድም፤ ምስክር እየፈለግሁ ነው» ብለው ዝም ይላሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ከኩሽናው ጠረጴዛ ራስ ተቀመጡ። «እንደ አባቶቻችን ሙግት ነውና መጀመሪያ ውርርድ ግቡ» አሏቸው። «ቀድሞ በማርና በበቅሎ ነበር የሚወራረዱት። እናንተ አንድ አንድ ባልዲ አይስክሬም አግቡ። ዋስም ጥሩ።» ዋስ የሆኑት ልጆቹ ናቸው፤ የታላቂቱ ልጅ ለአክስቱ፣ የታናሺቱ ልጅ ለአክስቷ እንዲዋሱ አዘዙና አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ከዚያም «ሁለታችሁም እፊቴ ትሠራላችሁ። ሙግቱ ተሰምቶ ፍርድ ሳይሰጥ ግን ማንም አይቀምስም» ሲሉ ሕጉን አስታወቁ።

ታላቂቱ ቀድማ ተነሣች። አይስክሬም ቤት የሠራ ሰው ዕቃ ሲመርጥ ያስታውቃል። የአይስክሬሙን ባልዲ አዙራ ለጋሼ አሳየች። «አሜሪካ ውስጥ አይስክሬም ተብሎ ለመጠራት ከመቶ አሥር እጅ የወተት ቅባት ያስፈልገዋል። ፍሮዝን ደሪ ደዘርት የሚል ጽሑፍ ካዩ ይተዉት፤ ከዚያ ወፍራም ነገር አይወጣም» አለች። ባልዲውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ጥቂት ደቂቃ ታገሰች። ማንኪያው ሳይታገል መግባት ሲጀምር ለአንድ ብርጭቆ የሚበቃውን፣ ሩብ ሊትር ያህል፣ ለካች። ቀዝቃዛ ወተት በቡና ሲኒ ሞላችና በመጀመሪያ ወተቱን ወደ ብሌንደሩ ገለበጠች። «ምላጩ የሚጨብጠው ፈሳሽ ካላገኘ አይስክሬሙ ከላይ ዋሻ ሠርቶ ይቀመጥና ሞተሩ ባዶ አየር ይፈጫል።» ቀጥሎ አይስክሬሙንና አራት ብስኩት አንድ ላይ አግብታ አጭር አጭር ጊዜ ፈጨች፤ መሽከርከሩ እኩል ሲሆን ወዲያው አቆመች። በመጨረሻ ካመጣችው የበረዶ ሣጥን ውስጥ በረዶ ያረፈበት፣ ዳርቻው ነጭ የሆነ ብርጭቆ አወጣች። ከጧት ጀምሮ ፍሪዘር ውስጥ የቆየ ነበር። ቀዳችበትና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ታናሺቱ ተነሣች። አይስክሬሟና ወተቷ ከእኅቷ ጋር አንድ ነበር፤ ቅደም ተከተሉም እንዲሁ፣ ወተት ከዚያ አይስክሬም። ጋሼ ይህን አይተው ቅንድባቸውን አነሡ እንጂ አልተናገሩም። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ መጣ። በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ጨው ጨመረች። «ጣፋጩን ከመሰልቸት ያድነዋል» አለች። ብስኩቱን ሳታገባ ነጩን ብቻ ፈጨች። ልክ ሲሆን አቁማ ሦስት ብስኩት በእጇ ሰባብራ ከላይ ጣለችና ቁልፉን ሁለት ጊዜ ብቻ ጫን፣ ጫን አደረገች። ከዚያ በላይ አልነካችውም። የብስኩቱ ስባሪ በነጩ ውስጥ ጥቁር ጥቁር ሆኖ ይታይ ነበር። አራተኛውን ብስኩት ፈርፍራ ከላይ ነሰነሰችው። የቀዳችው ግን ከጋሼ ቁም ሣጥን ባነሣችው ተራ ብርጭቆ ነው።

ሁለቱ ብርጭቆዎች ጎን ለጎን ቆሙ። የታላቂቱ እኩል ግራጫ፣ ለስላሳ፣ ብርጭቆው የቀዘቀዘ ነበር። የታናሺቱ ነጭ ሆኖ ጥቁር ጉርድ ያለበት፣ ብርጭቆው ግን የክፍሉን ሙቀት የያዘ ነበር። ልጆቹ ምራቃቸውን ዋጡ።

«በሉ፣ በላ ልበልሃ!» አሉ ጋሼ።

ታላቂቱ ጀመረች። ያችን ሙቀታማ ሌሊት ከነሰዓቷ አነሣች፤ የየትኛው ሱቅ አይስክሬም እንደነበረ፣ ታናሺቱ ክዳን ሳትገጥም ብሌንደሩን አስነሥታ ወተቱ ግድግዳ ላይ እንደተረጨ ሳይቀር ተናገረች። ታናሺቱ ተቀበለች፤ ብስኩቱን ወደ መጨረሻ የወሰደችው እሷ እንደሆነች፣ ጨዉን ያገኘችው እሷ እንደሆነች፣ ስንት ልደት እንዳሳመረች ዘረዘረች። «ያንቺ ሌላ፣ የኔ ሌላ ነው እቴቴ» ብላ ደመደመች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «አሁን ደግሞ የኔን ምስክሮች ስሙ» አሉ።

«የመጀመሪያው ምስክሬ ብስኩቱ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኦሪዮ እ.ኤ.አ. በ1912 ኒው ዮርክ ላይ ተጋገረ። ናሽናል ቢስኪት ካምፓኒ ነው የሠራው፤ መጀመሪያ የገዛውም ከወንዙ ማዶ ሆቦከን የነበረ ባለ ሱቅ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥቁር ብስኩት ያየ ሰው ሁሉ ኦሪዮ ይለዋል። ግን ከኦሪዮ አራት ዓመት ቀድሞ፣ በ1908፣ ሉዝ ዋይልስ የሚባል ኩባንያ ሃይድሮክስ ብሎ ያወጣው ሌላ ብስኩት ነበር። እሱም ጥቁር፣ እሱም ሁለት ገጽ፣ እሱም መሃሉ ነጭ። ስሙን ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ወስደው እንደ ውኃ ንጹሕ ነው ለማለት አስበው ነበር፤ ለጆሮ ግን የመድኃኒት ቤት ዕቃ መሰለ። ኋላ የመጣው ገበያውን ጠቀለለው። ቀድሞ የተወለደው አስመሳይ ተብሎ ኖረ፣ በ2003 መመረቱ ቆመ፣ በ2015 ሌላ ባለቤት አግኝቶ እንደገና ወጣ።»

ታላቂቱ ወደ እኅቷ ዘወር ብላ አየቻት። የተቀማው ቀዳሚ፣ ስሙን ያጣው ብስኩት እሷ ራሷ እንደሆነች ልቧ ነግሯታል። ታናሺቱም ቀና አለች። ቀድሞ መገኘት ብቻውን እንደማያዋጣ ዳኛው ራሳቸው መሰከሩላት አይደል?

ጋሼ የሁለቱንም ፊት አንብበው ቀጠሉ። «ሁለተኛው ምስክሬ አይስክሬሙ ነው። ብስኩቱን ከአይስክሬም ጋር መጀመሪያ ያገናኘ ማን ነው ብትሉ ሦስት ሰው እጁን ያነሣል። በማሳቹሴትስ ሱመርቪል ስቲቭ ሄረል የሚባል ሰው በ1973 ሱቅ ከፍቶ ደንበኛ የመረጠውን ብስኩትና ከረሜላ አይስክሬሙ ውስጥ እየደቆሰ ይሰጥ ነበር። የሳውዝ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ደግሞ በ1979 በዩኒቨርሲቲው የወተት ማቀነባበሪያ እኛ ነን የሠራነው ይላሉ። የቴክሳሱ ብሉ ቤል ኩባንያ በበኩሉ በብዛት አምርተን ለገበያ ያወጣነው እኛ ነን ይላል። ዳኛ የለም፣ ሙግቱም አልተዘጋም።

«ሦስተኛው ምስክሬ ይህ የሚጮኸው ብሌንደራችሁ ነው። ስቲቨን ፖፕላውስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ስደተኛ በዊስኮንሲን ሬሲን ከተማ ምላጩን ከማሰሮው ሥር ያደረገው በ1922 ነው፤ እንዲህ ያለ የወተት መጠጥ ለመምታት ብሎ። ከዓመታት በኋላ ፍሬድ ኦሲየስ የሚባል ሰው አሻሽሎ ሊሠራ ገንዘብ ቸገረውና ወደ አንድ ዝነኛ የሙዚቃ ባንድ መሪ ሄደ። ባንድ መሪው ፍሬድ ዋሪንግ ይባላል። ገንዘቡን ሰጠ፣ መሣሪያው በ1937 ለሕዝብ ታየ። ኋላ የማን ስም ተጻፈበት? የዋሪንግ። ምላጩን ያሰበው አይደለም፣ ያሻሻለውም አይደለም፤ የከፈለው ነው።»

ጋሼ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ቃል በቃል ያስቀምጣሉ፣ ያርፋሉ፣ ይቀጥላሉ። ሰኔ ሊገባ ነውና ኩሽናው ሙቅ ነበር። የታናሺቱ ብርጭቆ ላብ አውጥቶ ሥሩ ላይ ክብ ውኃ ሠርቷል። የነሰነሰችው የብስኩት ፍርፋሪ እየራሰ ወደ ውስጥ ሰመጠ። የታናሺቱ ዓይን ከጋሼ አፍ ወደ ብርጭቆው፣ ከብርጭቆው ወደ ጋሼ አፍ ይመላለሳል። ነገር ግን ሙግት ላይ ነች፤ ብርጭቆውን ብታነሣ የተሸነፈች ይመስላታል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሼ ወደ ታላቂቱ ዞረው፣ «አስተማርኳት ብለሻል። እሷም አላየሁም አላለችም፤ ወተቱን ከአይስክሬሙ ስታስቀድም እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያንቺ እጅ ነው። ይህ ተረጋግጧል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ላንቺስ ማን አስተማረሽ?»

ታላቂቱ አፏን ከፈተች። ያንን ሁሉ ሙግት ስታዘጋጅ ይህን ጥያቄ አላሰበችውም ነበር።

«አይስክሬም ቤት ነዋ» አለች።

«ቤት አያስተምርም። ሰው ነው የሚያስተምር።»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ እያለች መናገር ጀመረች። አንዲት ከኤል ሳልቫዶር የመጣች ሴት ነበረች። በሌሊቱ ተራ አብራት ትሠራ ነበር። እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነበር፣ የታላቂቱም ያኔ ከዚያ አይበልጥም። በቃል ማስረዳት ስላልቻለች እጇን ይዛ ታሳያት ነበር፤ ወተቱን መጀመሪያ፣ ማንኪያው ሲገባ፣ አሁን አቁሚ። ብርጭቆውን ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ የእሷ ነገር ነው። በፈተና ሰሞን የታላቂቱን ጽዳት ሠርታ ወደ ቤት የምትልካትም እሷ ነበረች። «ሁላችንም ማማ ነበር የምንላት» አለች ታላቂቱ። «ስሟን... ስሟን ጠይቄያት አላውቅም።»

«ስንት ሰው አጠጥተሻል ከዚያ ወዲህ?» ጠየቁ ጋሼ።

መልስ አልሰጠችም። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። እዚያ ሁለት ብርጭቆ ቆሟል። የራሷ፣ በቀዘቀዘው ብርጭቆ ውስጥ ያለው፣ አሁንም ሳይቀልጥ ቆሟል። የእኅቷ ግን ዳር ዳሩ ፈስሶ፣ አረፋው ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወተቱ ወደ ታች መለየት ጀምሯል። አይስክሬም ቤት የሠራ ሰው ይህን ማየት አይችልም። የቀለጠ ሚልክሼክ ፍሪዘር ቢመለስ አይድንም፤ ደቃቁ በረዶ ሟሙቶ እንደገና ሲረጋ ትልልቅ ጠጠር ይሆናል፣ የያዘው አየርም ወጥቶ አልቋል። ለዚህ ነገር ያለው ጊዜ አሁን ብቻ ነው።

ታላቂቱ ተነሣች። የራሷን ብርጭቆ አለፈችው። የእኅቷን ብርጭቆ ብድግ አድርጋ፣ ማንኪያ አግብታ ከሥር ወደ ላይ ሁለት ጊዜ አማሰለችና ለልጆቹ ሰጠች። «ጠጡት። የኔው ይቆያል፤ ብርጭቆው ቀዝቅዟል። ይህ ግን አሁን ካልተጠጣ አለቀለት፤ እንዲህ ያማረ ነገር አይበላሽም» አለች። ጋሼ ፍርድ አልሰጡም ነበርና ልጆቹ ወደ እሳቸው አዩ። እሳቸው በእጃቸው «ጠጡ» አሏቸው።

ልጆቹ እየተቀባበሉ ጠጡ። የብስኩቱ ጉርድ ጥርሳቸው ላይ ሲደቅ ይሰማ ነበር።

ታናሺቱ እኅቷን አየች። ሰባት ሳምንት ያህል ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት። «እቴቴ» አለች፣ «ያን ቀን ከራሴ ነው ያልኩት... ከራሴ አይደለም። ካንቺ ነው።» ታላቂቱም «ብስኩቱን ወደ መጨረሻ ያደረግሽውስ ካንቺ ነው ሚጡዬ። እኔ አላውቀውም ነበር። ያንቺ ይበልጣል» አለች። ከዚያ አልተላቀሱም፣ አልተቃቀፉም፤ የሐበሻ እኅትማማቾች እንደሚያደርጉት አንዷ ብሌንደሩን ማጠብ፣ ሌላዋ ጠረጴዛውን መወልወል ያዙ።

ጋሼ ግን ሥራቸውን አልጨረሱም። መልሰው አስቀመጧቸው። «ዕርቅ ያለ ፍርድ ያመረቅዛል» አሉና ፍርዳቸውን ሰጡ።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ አባቶች። ምሳሌውን በምስክሮቼ ሰምታችኋል፤ ሁለታችሁም ለየራሳችሁ ፈታችሁት። አንቺ የተቀማው ብስኩት እኔ ነኝ አልሽ። አንቺ ያሸነፈው ብስኩት እኔ ነኝ አልሽ። ከሁለታችሁ አንዳችሁም፣ ከኔ በፊት የነበረው ማን ነው አላለችም። መጀመሪያ ነኝ የሚል ሰው ወደ ኋላ መቁጠሩን ራሱ ላይ ሲደርስ ያቆማል። አንድ እርምጃ ቢጨምር ኖሮ ሌላ ሰው ያገኝ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእናንተ ነው፤ ላሚቱ የማን ናት ስትባባሉ ወተቱ እፊታችሁ ፈሰሰ።

«ፍርዴ ይህ ነው። ታናሺቱ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከየት አመጣሽው ያለሽ ሁሉ የእኅትሽን ስም ይስማ። ያሻሻልሽው ያንቺ ነው፣ ማንም አይወስድብሽም፤ የተቀበልሽውን ግን ተቀበልኩ በይ። ታላቂቱ፤ ያስተማረ ሰው የሚጠይቀው አንድ ጊዜ መጠራትን ነው፤ ካስተማርሽ በኋላ እጅሽን አንሺ፣ ሠርታ ታሳምረው፣ ቢበልጥሽም ደስ ይበልሽ። ደግሞ ያንቺ ዕዳ ከእሷ ይከብዳል። የእሷ መምህር መንገድ ተሻግራ ትገኛለች፤ ያንቺን ስሟን እንኳ አልያዝሽም። ስለዚህ ባጠጣሽ ቁጥር፣ ስሟን ሳልጠይቃት የቀረሁት ሴት አስተማረችኝ ትያለሽ። አፍረሽ ከተውሽው ፍርዴን ጥሰሻል።»

«ውርርዱስ?» አለች ታናሺቱ።

«ሁለታችሁም ተረታችሁ። ሁለት ባልዲ አይስክሬም ነገ፣ ሰኞ ጾሙ ሳይገባ፣ እዚህ ይቅረብ። የዋሶቹን ጓደኞች ጥሩ።»

እሑድ የጋሼ ቤት ሞላ። አንደኛዋ ብርጭቆ አቀዘቀዘች፣ ሌላዋ ብስኩቱን መጨረሻ ላይ ሰባበረች። እንግዶቹ ከሁለቱም እጅ የተሻለውን ስላገኙ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ግን ሳይጠየቁ ተናገሩ። ታናሺቱ «ከእኅቴ» አለች። ታላቂቱ ፊቷ እየቀላ «ስሟን ሳልጠይቃት ከቀረሁት ከአንዲት የሳልቫዶር ሴት» አለች። ከእንግዶቹ አንዱ «እንዴት ስሟን ሳትጠይቂ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በሚቀጥለው ሳምንት አይስክሬም ቤቱ ወደነበረበት ሰፈር ሄደች። ቤቱ ተዘግቶ የስልክ መሸጫ ሆኗል። አጠገቡ ፑፑሳ የሚባለውን ምግብ የሚጋግሩ የሳልቫዶራውያን ምግብ ቤት ስለነበር ገብታ ጠየቀች። ቀድሞ ሰፈሩን የሚያውቁ አንዲት አሮጊት «የሌሊቷ? አገሯ ተመልሳለች» አሏትና ስሟን ነገሯት። ታላቂቱ በወረቀት ጽፋ ወሰደችው፣ እየደጋገመች አጠናችው፣ ለእኅቷና ለልጆቹ አስተማረችው። ያ ስም ዛሬ በዚያ ቤተሰብ ዘንድ ከራሳቸው ዘመድ ስም ጋር ይጠራል።

የአገር ቤት ልጅ የአያት ቅድመ አያቱን ስም እስከ ሰባት ቤት እንዲቆጥር ይደረጋል። የእነዚያ እኅትማማቾች ልጆች ደግሞ ሚልክሼክ ሲሠሩ ይቆጥራሉ፤ እኛ ከእማዬ፣ እማዬ ከአክስቴ፣ አክስቴ ከዚያች ሴት። አንድ ቀን ትንሿ ልጅ «እሷስ ከማን?» ብላ ጋሼን ጠየቀቻቸው። ጋሼ «እሱን የሚያውቅ የለም። ግን ሰው እንዳለ እወቂ፤ ከራሴ ነው ለማለት ሲያምርሽ እሱን አስቢው» አሏት።

የምሳሌው ፍችም ከዚህ አይርቅም። ሙያ ሁሉ የተቀበሉት ነው፤ በመጀመሪያ የሠራው ሰው ስም ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይቀራል፤ ዝናው ለአሻሻለው፣ አንዳንዴም ለከፈለው ይሆናል። ይህን ማቃናት የማንኛችንም ዐቅም ላይሆን ይችላል። ዐቅማችን የሆነው ሁለት ነገር ነው፤ በቀጥታ ያስተማረንን ሰው ስም ሳይጠየቁ መጥራት፣ ያስተማርነውንም ሰው ሳይቆጩ መልቀቅ። ሁለቱን ያደረገ ሰው ቀዳሚ ማን ነው ብሎ የሚከራከርበት ጊዜ አይተርፈውም፤ ብርጭቆው ሳይቀልጥ ለጠማው ሰው ያደርሰዋል።